«ፎልአውት» በፊዚክስ ሚዛን፦ ስድስት ጨዋታዎችና አንድ የጨረራ ሰዓት

መግቢያ

በድሬዳዋ የጌም ቤቶች ደጃፍ የሚያልፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው የእግር ኳስ ጨዋታ ጩኸት ነው። በተማሪዎች ማደሪያ ግን ሌላ ዓይነት ጨዋታም አለ፤ አንዱ ከሌላው እየገለበጠ የሚወስደው፣ ለብቻ ተቀምጠው ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወቱት፣ ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ በአንድ ሰፊና ክፍት ዓለም ውስጥ እንደ ልቡ የሚዘዋወርበት ነው። ከእነዚህ መካከል ከኑክሌር ጦርነት በኋላ የሚኖረውን ዓለም የሚያሳየው «ፎልአውት» የተሰኘው ተከታታይ ጨዋታ ለእኛ ለፊዚክስ መምህራን የተለየ ትኩረት የሚሻ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ስለ ጨረራ በክፍል ውስጥ በጥቂት ሳምንት የምናስተምረውን ይህ ጨዋታ በመቶ በሚቆጠሩ ሰዓታት ያስተምራል፤ ትክክለኛውንም፣ የተሳሳተውንም።

ተጫዋቾች ስድስቱን ዋና ዋና ጨዋታዎች ሲያወዳድሩ የሚከራከሩት በታሪካቸው፣ በውጊያቸው ወይም በሥዕላቸው ጥራት ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን በሌላ ሚዛን እናወዳድራቸዋለን። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ከስድስቱ ጨረራን እንደ ተፈጥሮ ሕግ የያዘው የትኛው ነው? እንደ ጌጥ የረጨውስ? መልሱ ከጨዋታ ያለፈ ጥቅም ስላለው በመጨረሻ ወደ ገሃዱ ዓለም እንመልሰዋለን። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ስድስቱ ጨዋታዎችና ዘመናቸው

«ፎልአውት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ራሱ የሳይንስ ቃል ነው። የኑክሌር ቦምብ ከምድር አጠገብ ሲፈነዳ አፈርና ፍርስራሽ ወደ ላይ ተመንጥቆ ከቦምቡ ስብርባሪ አቶሞች ጋር ይቀላቀልና ቀስ በቀስ ተመልሶ ወደ ምድር ይወርዳል። ይህን ጨረራ አመንጪ አቧራ በዚህ ጽሑፍ «ወራጅ ብናኝ» እንለዋለን።

በጨዋታው ታሪክ መሠረት ታላቁ ጦርነት የተካሄደው ጥቅምት 23 ቀን 2077 ሲሆን፣ ይህም በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 13 ቀን 2070 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ጦርነቱ ያለቀው በሰዓታት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን በስድስቱ ጨዋታዎች እንደሚከተለው ተከፋፍሏል።

«ፎልአውት» የወጣው በ1997 ሲሆን ታሪኩ የሚፈጸመው በደቡብ ካሊፎርኒያ በ2161፣ ማለትም ከጦርነቱ 84 ዓመት በኋላ ነው። «ፎልአውት 2» በ1998 ወጣ፤ ታሪኩ በ2241፣ ከ164 ዓመት በኋላ ነው። «ፎልአውት 3» በ2008 ወጣ፤ ስፍራው ዋሽንግተን ከተማና አካባቢዋ፣ ዘመኑ 2277፣ ከ200 ዓመት በኋላ። «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» በ2010 ወጣ፤ ስፍራው የሞሃቪ በረሃ፣ ዘመኑ 2281፣ ከ204 ዓመት በኋላ። «ፎልአውት 4» በ2015 ወጣ፤ ስፍራው ቦስተን፣ ዘመኑ 2287፣ ከ210 ዓመት በኋላ። በመጨረሻም «ፎልአውት 76» በ2018 ወጣ፤ ስፍራው ዌስት ቨርጂኒያ፣ ዘመኑ ግን 2102፣ ከጦርነቱ 25 ዓመት ብቻ በኋላ ነው።

አንባቢ እንደሚያስተውለው በመጨረሻ የተሠራው ጨዋታ በታሪክ ቅደም ተከተል የመጀመሪያው ነው። ይህ ለንጽጽራችን እጅግ ምቹ ነው። ጨረራ የራሱ ሰዓት አለውና፣ በ25 ዓመትና በ210 ዓመት መካከል ያለው ልዩነት በጨዋታዎቹ ውስጥ በግልጽ መታየት ይኖርበታል።

2. የጨረራ ሰዓት

የወራጅ ብናኝ ጨረራ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅግ ኃይለኛ ሲሆን በፍጥነትም ይቀንሳል። ለዚህ የሚያገለግል አንድ ቀላል ደንብ አለ፦ ጊዜው ሰባት እጥፍ በጨመረ ቁጥር የጨረራው ፍጥነት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ከፍንዳታው 1 ሰዓት በኋላ የነበረው መጠን 1000 ቢሆን፣ በ7 ሰዓት 100፣ በ49 ሰዓት (2 ቀን ገደማ) 10፣ በ343 ሰዓት (2 ሳምንት ገደማ) 1 ይሆናል። ደንቡ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት በቂ ግምት ይሰጣል። በመጠለያ ውስጥ ሁለት ሳምንት መቆየት ነፍስ ያድናል የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዓመታት በኋላ የሚቀሩት በዋናነት ሲዝየም-137 እና ስትሮንቲየም-90 ናቸው። የሁለቱም ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ገደማ ነው። ግማሽ ዕድሜ ማለት ካሉት አቶሞች ግማሾቹ እስኪፈራርሱ የሚፈጀው ጊዜ ሲሆን፣ ከሌላ 30 ዓመት በኋላ የቀረው ግማሽ እንደገና ይገመሳል። ይህን ስሌት በጦርነቱ ዕለት ከወረደው ሲዝየም ላይ ብንሠራው፣ በየጨዋታው ዘመን የሚቀረው እንዲህ ነው፦

«ፎልአውት 76» (25 ዓመት)፦ 56 በመቶ
«ፎልአውት» (84 ዓመት)፦ 14 በመቶ
«ፎልአውት 2» (164 ዓመት)፦ 2.3 በመቶ
«ፎልአውት 3» (200 ዓመት)፦ 1 በመቶ
«ኒው ቬጋስ» (204 ዓመት)፦ 0.9 በመቶ
«ፎልአውት 4» (210 ዓመት)፦ 0.8 በመቶ

እንግዲህ ሕጉ ቢከበር ኖሮ ከስድስቱ እጅግ የተበከለው የ«76» ዓለም፣ እጅግ የጸዳው ደግሞ የ«4» ዓለም በሆነ ነበር። የምናየው ግን በአመዛኙ ተቃራኒውን ነው። «76» በለመለመ ደን ይከፈታል። «ፎልአውት 3» ከ200 ዓመት በኋላ ዛፉ የደረቀ፣ ምድሩ አመድ የለበሰ፣ ወንዙም ጨረራ የሞላበት ነው። «ፎልአውት 4» ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ጥጉ «የሚያበራ ባሕር» የተባለ፣ ያለ መከላከያ ልብስ በአጭር ጊዜ የሚገድል ምድረ በዳ አለው፤ ከዚያም ጨረራ ያዘለ ማዕበል እየተነሣ ወደ ከተማ ይመጣል።

የገሃዱ ዓለም ምስክርነት ለ«76» ያደላል። በሚያዝያ 1986 በቼርኖቤል የደረሰው አደጋ በአቅራቢያው የነበረውን የጥድ ደን አድርቆ «ቀዩ ደን» አሰኝቶታል። ይሁን እንጂ ከጥቂት አሠርት ዓመታት በኋላ አካባቢው በዛፍና በዱር አራዊት ተሸፍኗል። አፈሩ ዛሬም ሲዝየም አለበት፤ ለመኖሪያነትም ገና አልተፈቀደም፤ ነገር ግን አረንጓዴ ነው። ለምለም ደንና የተበከለ አፈር አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ጨረራን በመልክዓ ምድር ቀለም መለካት እንደማይቻል «76» ሳያስበው አስተምሯል።

ሂሮሺማም ሌላ ምስክር ናት። በነሐሴ 1945 የተጣለባት ቦምብ የፈነዳው ከምድር 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለነበር የወረደው ብናኝ በአንጻሩ ጥቂት ነበር። ከተማዋ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ስትሆን ጨረራዋም ከተለመደው የተፈጥሮ መጠን አይለይም። በአንጻሩ በ1954 የ15 ሜጋቶን ቦምብ ከምድር ገጽ ላይ የተሞከረባት የቢኪኒ ደሴት፣ ፖታሲየም ያጠረው አፈሯ ሲዝየሙን በፖታሲየም ፈንታ ወደ ኮኮናት ዛፎች ስላሳለፈው፣ ነዋሪዎቿን በዘላቂነት ለመመለስ አላስቻለችም። ቦምብ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የፈነዳበት ከፍታና የአፈሩ ዓይነት ውጤቱን ይለውጡታል።

እዚህ ላይ የጨዋታው ወዳጆች አንድ መከራከሪያ ያነሣሉ። በ«ፎልአውት» ዓለም መኪናው እንኳ የሚንቀሳቀሰው በኑክሌር ኃይል በመሆኑ፣ ጨረራው የመጣው ከቦምቡ ብቻ ሳይሆን ለ200 ዓመት ሲያፈስሱ ከኖሩ ማሽኖችና ጎተራዎች ነው ይላሉ። መከራከሪያው ብልህ ቢሆንም በግማሽ ብቻ ያስኬዳል። ሲዝየም ከተፈጠረበት ቅጽበት ጀምሮ ይፈራርሳል፤ በበርሜል ታሽጎ ቢቀመጥም፣ በሜዳ ላይ ቢበተንም ሰዓቱ አይቆምም። ስለዚህ በ2077 የነበረ በርሜል በ2287 ቢሰበር የሚያፈሰው የ210 ዓመት አሮጌ ሲዝየም ነው። አዲስ ሲዝየም ሊፈጥር የሚችለው አሁንም የሚሠራ ሪአክተር ብቻ ነው። ይህ ነጥብ ለሚቀጥለው ክፍል ቁልፍ ስለሆነ አንባቢ እንዲይዝልን እንሻለን።

ሌላም የተለመደ ስሕተት አለ። «ግማሽ ዕድሜው 24,000 ዓመት የሆነ ፕሉቶኒየም ከሲዝየም የባሰ አደገኛ ነው» የሚል። የገለባ እሳትና የወይራ ጉማጅ እናስብ። ገለባው ቦግ ብሎ ይነድና ይጠፋል፤ ጉማጁ ሌሊቱን ሙሉ ያዘግማል። ክብደታቸው እኩል ከሆነ በዚያች ቅጽበት ይበልጥ የሚያቃጥለው ገለባው ነው። ረጅም ግማሽ ዕድሜ ማለት በየሰከንዱ የሚፈራርሰው አቶም ጥቂት ነው ማለት ነው። እርግጥ ፕሉቶኒየም በትንፋሽ ወደ ሳንባ ከገባ ብርቱ ጉዳት ያደርሳል፤ ከውጭ ግን የሚያወጣው የአልፋ ጨረራ ቆዳን እንኳ አያልፍም። በ«ፎልአውት 3» መሐል ከተማ ላይ ያልፈነዳ ቦምብ በኩሬ ውስጥ ተጋድሞ ዙሪያውን ሲመርዝ ይታያል። ያልፈነዳ ቦምብ ግን የፍንዳታ ስብርባሪ አቶሞች ስለሌሉት፣ በዙሪያው የሚለቀው ጨረራ ከጨዋታው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

3. ምንጩ የት ነው? የውኃ ጉዳይ

በስድስቱም ጨዋታዎች ውኃ ትልቅ ቦታ አለው። የመጀመሪያው «ፎልአውት» የሚጀምረው በከርሰ ምድር መጠለያ ውስጥ የውኃ ማጣሪያው አንድ ክፍል ተበላሽቶ ተጫዋቹ መለዋወጫውን በ150 ቀን ውስጥ ፈልጎ እንዲያመጣ ሲታዘዝ ነው። የ«ፎልአውት 3» ዋና ታሪክም አንድን ትልቅ ወንዝ ከጨረራ የማጽዳት ሙከራ ነው። ይሁን እንጂ ጨረራው ከየት እንደመጣ በመጠየቅ ረገድ ጨዋታዎቹ በእጅጉ ይለያያሉ።

«ፎልአውት 2» በዚህ ረገድ አርአያ ነው። ጌኮ በተባለች መንደር የሚሠራ አሮጌ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ያፈስሳል፤ ፍሳሹ በከርሰ ምድር ውኃ ተጉዞ ጎረቤት ከተማን ይበክላል። ከተማዋ መንደሪቱን በጠላትነት ታያታለች። ተጫዋቹ መሣሪያ አንሥቶ መንደሪቱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ወይም ማመንጫውን ጠግኖ ሁለቱንም ሊያድን ይችላል። ከፊዚክስ አንጻር ሦስቱም ነገሮች ተሟልተዋል፦ የታወቀ ምንጭ፣ የታወቀ መንገድ፣ የታወቀ ተጎጂ። ማመንጫው እየሠራ በመሆኑም የ164 ዓመቱ ሰዓት አይመለከተውም፤ ፍሳሹ ትኩስ ነው።

«ኒው ቬጋስ» ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። አያስደንቅም፤ የሠሩት ሰዎች አንዳንዶቹ «ፎልአውት 2»ን ከሠሩት ወገን ነበሩ። በታሪኩ መሠረት ወደ ከተማዋና አካባቢዋ ከተወነጨፉት 77 የኑክሌር አረሮች አብዛኞቹ በአየር ላይ ከሽፈዋል፤ የቀሩትም ከከተማዋ ውጭ ወድቀዋል። በዚህም ምክንያት የሜድ ሐይቅ ውኃ ንጹህ ነው፤ ይጠጣል። ጨረራ ባለበት ስፍራ ሁሉ ተጫዋቹ ምክንያት ያገኛል። ለምሳሌ በአንድ የእርሻ ቦታ ሰብሉ እየተበላሸ ገበሬዎቹ ሲያማርሩ፣ ምርመራው የሚያደርሰው ከምድር በታች ወዳለ «ቮልት 34» ወደተባለ መጠለያ ነው፤ በዚያ የተጎዳ ሪአክተር ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ያፈስሳል። የሚያስገርመው በዚያ ጨዋታ ተጫዋቹ የሚሠራው ሥራ አንድ የሃይድሮጂኦሎጂ ባለሙያ ከሚሠራው ብዙም አለመራቁ ነው።

ለድሬዳዋ ነዋሪ ይህ ሩቅ ተረት አይደለም። የከተማችን የመጠጥ ውኃ የሚገኘው ከከርሰ ምድር ሲሆን የሳቢያን ጉድጓዶች ለዚህ ሲያገለግሉ ኖረዋል። በዚሁ ውኃ ውስጥ ናይትሬት መብዛቱ በተጠና ጊዜ የተነሣው ጥያቄ ከጨዋታው ጥያቄ ጋር አንድ ነበር፦ ምንጩ የት ነው? በየትኛው ዐለት ውስጥ አልፎ፣ ወደየትኛው ጉድጓድ ይደርሳል? ናይትሬትና ሲዝየም በባሕርያቸው ይለያያሉ። ናይትሬት ከውኃ ጋር በቀላሉ ይጓዛል፤ ሲዝየም ግን በሸክላ አፈር ላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ አዘግሞ ይሄዳል። የምርመራው ሥርዓት ግን አንድ ነው።

ሲዝየም ከአፈር ጋር መጣበቁ ሌላም ውጤት አለው። ደረቁን የደቻቱን አሸዋ የሚያውቅ፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ ደርሶ ብዙ ሕይወት ያጠፋውን ጎርፍ የሚያስታውስ ሁሉ፣ ጎርፍ አፈርን ከተራራ አንሥቶ በሜዳ ላይ እንዴት እንደሚያራግፍ ይረዳል። ወራጅ ብናኝ በእንዲህ ያለ ምድር ላይ ቢወርድ ለሁለት መቶ ዓመት በወረደበት ተዘርግቶ አይቀመጥም፤ ከገደሉ ይታጠባል፣ በወንዝ ዳር ደለል ውስጥ ይከማቻል። በፉኩሺማ ከ2011 አደጋ በኋላ የታየውም ይኸው ነው። በጨዋታዎቹ ግን የተበከለው ስፍራ ሁሉ እንደ ሥዕል በቦታው የተቸነከረ ነው።

በነገራችን ላይ ወራጅ ብናኝ ከእኛም ምድር ሩቅ አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኃያላን መንግሥታት በአየር ላይ ካፈነዷቸው ቦምቦች የተነሣው ሲዝየም በዓለም ዙሪያ ተበትኖ ወርዷል። መጠኑ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ለጤና የሚያሰጋ አይደለም። የአፈር ተመራማሪዎች ግን ጥሩ ጥቅም አግኝተውበታል፤ በአንድ ማሳ ውስጥ የቀረውን ሲዝየም በመለካት ምን ያህል አፈር እንደታጠበ ያሰላሉ።

በውኃ ጉዳይ አንድ አደገኛ ትምህርት ሳንጠቅስ አናልፍም። በ«ፎልአውት 4» ተጫዋቹ የቆሸሸውን ውኃ በማብሰያ ላይ አድርጎ ንጹህ ውኃ ያገኛል። በቤታችን ውኃ የምናፈላው ተሐዋስያንን ለመግደል ነው፤ ለዚያም ይጠቅማል። ሲዝየም ግን በእሳት አይሞትም። ውኃው ሲተንን ሲዝየሙ በድስቱ ይቀራል፤ የቀረው ውኃ እንዲያውም ይበልጥ የተበከለ ይሆናል።

4. መመታትና መበከል

ስለ ጨረራ ከሚነሡት ግራ መጋባቶች ሁሉ የከፋው በጨረራ መመታትንና በጨረራ አመንጪ ቁስ መበከልን አንድ ማድረግ ነው። በእሳት ዳር የቆመ ሰው ይሞቀዋል፤ ከእሳቱ ሲርቅ ሙቀቱ ይቀራል፤ እርሱ ራሱ እሳት አይሆንም። ፍም በጋቢው ጠቅልሎ የሄደ ሰው ግን በሄደበት ሁሉ ይቃጠላል፤ የነካውንም ያቃጥላል። የመጀመሪያው መመታት ነው፤ ሁለተኛው መበከል።

ከ«ፎልአውት 3» ጀምሮ ባሉት ጨዋታዎች ከጦርነቱ በፊት የታሸገ ምግብ የበላ ተጫዋች ጨረራ ይጨመርበታል። የታሸገ ቆርቆሮ በጋማ ጨረር ቢመታ ውስጡ ያለው ምግብ ጨረራ አመንጪ አይሆንም። ብናኙ የሚያርፈው በቆርቆሮው ላይ ነውና አጥቦ መክፈት ይበቃል። የ200 ዓመት ምግብ የሚያሰጋው በሌላ ምክንያት ነው።

በመጠን ረገድ ግን ጨዋታዎቹ ከተጠበቀው በላይ ተሳክቶላቸዋል። በ«ፎልአውት 3» እና በ«ኒው ቬጋስ» ተጫዋቹ የተጠራቀመበት መጠን 1000 ራድ ሲደርስ ይሞታል። ራድ እውነተኛ መለኪያ ነው፤ 100 ራድ 1 ግሬይ ስለሚሆን 1000 ራድ 10 ግሬይ ነው። መላ አካሉ በአጭር ጊዜ 10 ግሬይ የተቀበለ ሰው የመዳን ዕድሉ እጅግ የመነመነ ነው። ሆኖም ጨዋታው ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ላይ ይሳሳታል። በገሃዱ ዓለም 4 ግሬይ ገደማ፣ ማለትም 400 ራድ፣ ሕክምና ካላገኙት ግማሽ ያህሉን ይገድላል፤ በጨዋታው ግን በ400 ራድ ላይ ያለ ሰው ጥቂት ደከም ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። በገሃዱ ዓለም ደግሞ መጠኑ የተወሰደበት ፍጥነትም ይቆጠራል፤ ሴሎቻችን ጉዳታቸውን የሚጠግኑበት ጊዜ ካገኙ ያው መጠን የሚያደርሰው ፈጣን ጉዳት ይቀንሳል።

መድኃኒቶቹስ? በጨዋታው አንድ ከረጢት ፈሳሽ የተጠራቀመውን ጨረራ ወዲያው ያወጣል። በተመታ ሰው ላይ ይህ ሊሆን አይችልም፤ ጨረሩ አልፎ ሄዷል፤ የቀረው ጉዳቱ ነው። በተበከለ ሰው ላይ ግን የሚቀራረብ ነገር አለ። ፕሩሺያን ብሉ የተባለው፣ በቀለምነቱ የሚታወቀው ሰማያዊ ውህድ፣ በሕክምና ደረጃ ተዘጋጅቶ ሲዋጥ በአንጀት ውስጥ ሲዝየምን ይይዛል፤ ከሰውነት ግማሹ ሲዝየም እስኪወጣ የሚፈጀውን 110 ቀን ገደማ ወደ 30 ቀን ገደማ ያሳጥራል። ቀድሞ የሚዋጠው የፖታሲየም አዮዳይድ ኪኒን ደግሞ የሚከላከለው የታይሮይድ ዕጢን ከአዮዲን-131 ብቻ ነው። የአዮዲን-131 ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ከጦርነቱ 25 ዓመት በኋላ እንኳ የሚጠበቁት አንድም የአደጋው አዮዲን የለም።

5. የማይታየውን ማወቅ

ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። ጨረራ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ድምፅ የለውም። በቀድሞዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ተጫዋቹ ምን ያህል ጨረራ እንደተጠራቀመበት በትክክል ለማወቅ የጋይገር ቆጣሪ ፈልጎ ማግኘትና መጠቀም ነበረበት። በዚያን ጊዜ ተጫዋቾች ይህን እንደ ችግር ያዩት ነበር፤ እኛ ግን ከስድስቱ ጨዋታዎች ሁሉ እጅግ እውነተኛው ትምህርት ነው እንላለን። ከ«ፎልአውት 3» ወዲህ ቆጣሪው በተጫዋቹ ክንድ ላይ ባለው መሣሪያ ውስጥ ሁልጊዜ ይሠራል፤ አደጋ ሲቀርብ ራሱ ይንጣጣል። የተበከለው ነገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ያበራል።

አረንጓዴው ከየት መጣ? በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሰዓት ቁጥሮች በራዲየምና በዚንክ ሰልፋይድ ቅልቅል ይቀቡ ነበር። አረንጓዴ የሚያበራው ዚንክ ሰልፋይዱ እንጂ ራዲየሙ አልነበረም። ሕዝብ ግን ቀለሙን የጨረራ አደረገው።

የዚህ ትምህርት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በመስከረም 1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ የደረሰው ያሳያል። ከተተወ የሕክምና ተቋም ውስጥ የቀረ የካንሰር ሕክምና መሣሪያ ውድቅዳቂ ብረት በሚሰበስቡ ሰዎች ተነቅሎ ተወሰደና ለብረት ነጋዴ ተሸጠ። በውስጡ የነበረው የሲዝየም-137 ዱቄት ከመቶ ግራም በታች ሲሆን በጨለማ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ነበረው። ሰዎች ተደነቁበት፤ ለዘመድ አከፋፈሉት፤ ሰውነታቸውንም ቀቡት። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ አንዷ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች። 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብም ተመረመረ። ያንጣጣ ቆጣሪ አልነበረም። በሜክሲኮ ሲዩዳድ ሁዋሬዝ ደግሞ ከተመሳሳይ መሣሪያ የወጣ ኮባልት-60 ከውድቅዳቂ ብረት ጋር ቀልጦ የግንባታ ብረት ሆነ፤ የታወቀውም በጥር 1984 ብረቱን የጫነ መኪና በአሜሪካ የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ደጃፍ ሲያልፍ የጨረራ መመርመሪያው በመጮኹ ነው።

አሁን «ፎልአውት 4»ን እንደገና እንመልከተው። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ በአመዛኙ ቁራሌ ሆኗል፤ ከየፍርስራሹ ዕቃ እየለቀመ ይሰብራል፣ ቁሱን ለሌላ ሥራ ያውላል። ከሚያገኛቸው ቁሶች አንዱ ከአሮጌ የጠረጴዛ ሰዓትና ከመሰሉት የሚወጣ «የኑክሌር ቁስ» ነው። በቦርሳው ይዞት ይዞራል፤ አንዳችም አይደርስበትም። በጨዋታ ዓለም ምንም አይደለም። በከተማችን ግን ውድቅዳቂ ብረት መሰብሰብ የብዙ ወጣቶች እንጀራ ነው። በሀገራችንም ጨረራ አመንጪ ምንጮች ለመልካም ሥራ ይውላሉ፤ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት ካንሰርን ያከመው በኮባልት-60 ነው፤ በቃሊቲ የገንዲ በሽታ አስተላላፊ ዝንቦችን ወንዶች ለማምከን ያገለገለውም ጨረራ ነው። ምንጮቹ በቁጥጥር ሥር እስካሉ ድረስ አገልጋዮቻችን ናቸው፤ ሀገራችንም ከአዋጅ ቁጥር 79/1986 ጀምሮ ለዚህ የሚሆን የሕግ ሥርዓት አላት። አደጋው የሚጀምረው መሣሪያው አርጅቶ፣ ተረስቶ፣ ከብረት ክምር የተቀላቀለ ዕለት ነው።

ስለዚህ ለአንባቢያን ግልጽ ምክር እንሰጣለን። በቢጫ መደብ ላይ ሦስት ቅጠል የሚመስል ጥቁር ምልክት ያለበት ዕቃ፣ ወይም ለመጠኑ የማይመጥን ከባድና በእርሳስ ብረት የተሸፈነ ሣጥን ከውድቅዳቂ መካከል ቢገኝ፦ አይከፈት፣ አይሰበር፣ አይሸጥ። ከእርሱ ይራቅ፤ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ከትንሽ ምንጭ የሚደርሰው ጨረራ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ሌሎችም እንዳይጠጉ ይደረግ፤ ለፖሊስ ይነገር። የነካው ሰው እጁን ሳይታጠብ አይብላ፤ ልብሱን ያውልቅ፤ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ምን እንደነካም ይናገር።

6. ማጠቃለያ

ስድስቱን ጨዋታዎች በፊዚክስ ሚዛን ስናስቀምጣቸው «ፎልአውት 2» እና «ኒው ቬጋስ» ከፍ ብለው ይገኛሉ፤ ጨረራን ከምንጩ ጋር አያይዘው ስላሳዩ። የመጀመሪያው «ፎልአውት» የማይታየውን አደጋ የማይታይ አድርጎ በማቅረቡ ይመሰገናል። «76» ለምለሙን ደን በትክክል ገምቷል፤ ተጫዋቾች ራሳቸው በሚተኩሱት ቦምብ የተበከለው ስፍራ በጥቂት ሰዓት መጽዳቱ ግን ከሰባትና አሥር ደንብ ጋር አይስማማም። በደንቡ መሠረት በ7 ሰዓት የሚቀረው አንድ አሥረኛው እንጂ ባዶ አይደለም። «3» እና «4» በሥዕልና በስሜት ብርቱ ሲሆኑ በሰዓቱ ስሌት ግን ወደ ኋላ ይቀራሉ።

ይህን የምንለው ጨዋታውን ለማንቋሸሽ ወይም ወጣቱን ከጨዋታ ለማራቅ አይደለም። ሦስት ጥያቄዎችን ይዞ የሚጫወት ተማሪ ከስድስቱም ይማራል፦ ምንጩ ምንድን ነው? ከተፈጠረ ምን ያህል ጊዜ ሆነው? ወደ ሰው አካል የሚደርሰው በየት በኩል ነው? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በሞሃቪ በረሃም ሆነ በአንድ የብረት ክምር ፊት ያው ናቸው።

ለአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

ሀ) ከፍንዳታ 1 ሰዓት በኋላ በአንድ ስፍራ የተለካው መጠን በሰዓት 500 ራድ ቢሆን፣ ከ49 ሰዓት በኋላ ስንት ይሆናል?

ለ) በአማዞን የተሠራው የ2024 የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ታሪክ በ2296 ይፈጸማል። በ2077 ከወረደው ሲዝየም-137 ስንት በመቶው ይቀራል?

ሐ) አንድ የተዘጋ በርሜል ለ60 ዓመት ከርሞ ቢሰበር፣ በውስጡ የቀረው ሲዝየም ከመጀመሪያው ምን ያህል ነው? በርሜሉ በመዘጋቱ የተለወጠ ነገር አለን?

መልስ፦ ሀ) በሰዓት 5 ራድ። ለ) 0.6 በመቶ ገደማ። ሐ) አንድ አራተኛው፤ መዘጋቱ ቁሱ እንዳይሠራጭ ከልክሏል እንጂ የመፈራረሱን ፍጥነት አልለወጠም።